«አይከፈት» የተባለው ፋይል

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ቆማችሁ ኬኩ እስኪቆረጥ የምትጠብቁ ቴክኒሻኖች፤

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ላሰናዳችሁ፣ ወንበር ከየቢሮው ለተሸከማችሁ፣ ስሜን ኬኩ ላይ ላስጻፋችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ግድ የለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ስለኖርኩ ዓይኔ እዚያው ላይ አረፈ እንጂ ኬክ ኬክ ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊያችን አምስት ደቂቃ ሰጥታኛለች። የአይቲው ባለሙያ ደግሞ ጠዋት መጥቶ «እትዬ፣ ንግግርዎን ሼር ያድርጉልኝና በስክሪን ላሳየው» አለኝ። አላደረግኩም። በወረቀት ይዤው መጥቻለሁ። ቅጂ የለውም፣ ከእኔ በፊት ያነበበውም የለም። አምስት ደቂቃውንም ማለፌ ስለማይቀር ካሁኑ ይቅርታ።

እንደምታውቁት እኛ አሳንሰር ሰቅለን የምንጠግን ድርጅት ነን። የራሳችን ሕንፃ አሳንሰር ግን ከሳምንቱ ሦስት ቀን ከሠራ ተመስገን ነው። ስለዚህ መዝገብ ቤት የመጣ ሁሉ በእግሩ ወርዶ ነው የመጣው። ምድር ቤት ያለች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ከለቀቁት ጋር ዘጠኝ መቶ የሠራተኛ ማህደር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያ። ማህደር የሚወስድ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና የፈለገበትን ምክንያት ካርድ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ምክንያቱን ካላመንኩበት አልሰጥም። በዚህ ጠባዬ «ጉምሩክ» ብላችሁኛል። አትሰማም ብላችሁ ነው አይደል? ደረጃው ላይ «ዛሬ ጉምሩክ እንዴት ናት?» ስትባባሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር። ምድር ቤት ያስተጋባል።

የሽያጭ ኃላፊያችን ይመስክር። ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

«የዲዛይን ክፍሏን ልጅ ማህደር ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«ለምን?»

«ልደቷ መቼ እንደሆነ ለማወቅ።»

«አፍ አላት እኮ። ጠይቃት።»

ጠየቃት። ይኸው ሦስት ልጆች ወልደዋል። ማህደሩን ሰጥቼው ቢሆን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ስሙ የሌለበት ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ እየተወ ይሸሽ ነበር።

ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚህ በኋላ ብዙ የሚያስቅ ነገር አልያዝኩም።

ስለ አንዲት ባልደረባችን ልናገር ነው። ዛሬ እዚህ የለችም። የስልክ ኦፕሬተራችን ነበረች፤ ሁላችንም «ሀሎ» ነበር የምንላት። ዘጠኝ ዓመት አብራን ሠርታለች። ሰው አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶበት ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው። «አይዞዎት፣ ግድግዳውን ይደገፉ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ሰው መንገድ ላይ ነው» ትላለች። ቴክኒሻኑ ደርሶ በሩን እስኪከፍት መስመሩን አትዘጋም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እያስወራች አቆይታቸዋለች። ሲወጡ የጠየቁት «ያቺ ልጅ የት ናት?» ብለው ነው።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወረደች። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ቤት ቀይሬያለሁ» አለችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት እኔ ሞኟ።

«ልጄን ይዤ ነው የወጣሁት። እሱ የት እንደገባን አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።»

ባልየውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክፉ ፊት የለውም። በር ላይ መጥቶ ጥበቃውን አጎንብሶ ሰላም ይላል፣ ስለ ጥበቃው ልጆች ይጠይቃል፣ «ሚስቴና ልጄ ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው ማወቅ የፈለግኩት» ይላል። ሲያዩት አንጀት ይበላል። ሀሎ የግራ እጇን ትንሿን ጣት ለምን እንደማታጥፋት የጠየቃችኋት ግን አላችሁ? እኔ ጠይቄያታለሁ። የነገረችኝን እዚህ አልደግመውም።

ደንባችን እያንዳንዱ ሠራተኛ ትክክለኛ የመኖሪያ አድራሻውን ያስመዘግብ ይላል። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰፈሩን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር ጻፈች። ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ በፕላስተር አሸግኩት፣ እሽጉ ላይ ፈረምኩበት። ከላዩ በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ «አይከፈት» ብዬ ጻፍኩበት። ማህደሯ ውስጥ እንኳ አላስገባሁትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

«ከእርስዎ ሌላ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት።

ከዚያ ደመናው መጣ። ክራባቱ የጠበበበት አማካሪ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ማህደሩ ሁሉ ደመና ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ማለት ነው፣ የሚቀመጠው። ከየትም ቦታ ሆነው ማየት ይችላሉ» አለኝ።

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ማየት ይበቃኛል» አልኩት። «ሌላስ ከየትም ሆኖ የሚያይ ማነው?»

«ፈቃድ ያለው ብቻ ነዋ፣ እናቴ።»

ደመናውን ልረግም አይደለም የቆምኩት። ያረጀች ሴት አዲስ ነገር ፈርታ የምትለፈልፈው እንዳይመስላችሁ። መዝገብ ቤት ሁለቴ ውሃ ገብቶበታል፣ አይጥም የጡረታ ሰነድ በልቶብናል። የደመናው ቁልፍ ከእኔ መሳቢያ ቁልፍ በስንት እጅ ይሻላል። ማን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንዳየ ሳይታክት ይመዘግባል። እኔ ካርድ ማስፈረም የረሳሁበት ቀን አለ፣ እሱ አይረሳም። ችግሩ ሰውየው «ፈቃድ ያለው ብቻ» ሲል እኛን አለማወቁ ነው።

እኛማ ማን ነን? የሥልጠናውን ነገር አስታውሱ። ስለ ምስጢር አጠባበቅ አርባ ደቂቃ በቪዲዮ ተምረን በመጨረሻ አሥር ጥያቄ ነበረው። የመጀመሪያው ሰው ጨርሶ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ መልሱ በሠራተኛው ግሩፕ ተለቀቀ። የምስጢር አጠባበቅ ፈተና መልስ! ሁለት መቶ አሥር ሰው መቶ ከመቶ አገኘ። የምስክር ወረቀታችሁ እስከ ዛሬ ግድግዳችሁ ላይ ተለጥፏል። ፋይሉ ውስጥ ለመግባት በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድማ ተዉት፤ በኮሪደሩ ከጫፍ ጫፍ «ኮዱ ስንት ነው?» ስትባባሉ ጽዳቷ ሳትቀር በቃሏ ይዛዋለች።

ማህደሩ ስካን ሲደረግ ስድስት ሳምንት ተሰጠን። ከውጭ የተቀጠሩ አራት ሰዎች የስብሰባ አዳራሹን ይዘው ስቴፕል እየነቀሉ ማሽን ውስጥ ይከታሉ። የተሰጣቸው ትእዛዝ «አንድም ወረቀት እንዳይቀር» የሚል ነው። አልቀረም። ማህደሩን ሲጨርሱ የእኔን መሳቢያ ጠየቁ። «የታሸጉ ፖስታዎች አሉ፣ እነሱን እንዳትነኩ» አልኩና ቁልፉን ሰጠሁ። በቃል ነው ያልኩት። ለማንም ሰው ያለ ፊርማ ወረቀት የማላሳይ እኔ፣ ይህን ያህል ነገር በአፌ ተናግሬ ምሳ ወጣሁ።

ፖስታውን ከፈቱት። በሰዎቹ አልፈርድባቸውም፤ አንድም ወረቀት እንዳይቀር ተብለዋል። ከዚያ ለፋይሉ ስም መስጠት ነበረባቸው። መመሪያው «ከላዩ ላይ የተጻፈውን ስም ስጡት» ይላል። ከላዩ ላይ የተጻፈው ምንድነው? «አይከፈት»።

ስለዚህ በቁጥር ብቻ ከተሰየሙ ዘጠኝ መቶ ማህደሮች መካከል አንድ ፋይል ስሙ «አይከፈት» ተብሎ ቁጭ አለ። እኔ ለመከልከል የጻፍኩት ቃል መጥሪያ ሆነ። እስኪ ልባችሁ ላይ እጃችሁን ጫኑና ንገሩኝ፣ ከእናንተ መካከል አይቶት ማን ያልፈዋል?

የዚያው ሰሞን አዲስ ቱታና ሸሚዝ ሊሰፋልን ነው ተባለ። የሰው ኃይል ክፍል የልኬት ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ሁሉም ገብቶ ቁመቱንና ወገቡን ይሙላ። ሠንጠረዡ የተቀመጠው የት ነው? ማህደሮቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ። እሱን ብቻ ለይቶ መላክ ሲቻል ፎልደሩ እንዳለ ተላከ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ፣ በሠራተኛው ግሩፕ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ግሩፑ ውስጥ የዛሬ አምስት ዓመት የለቀቁ ሰዎች አሁንም አሉ፤ በየቀኑ እንዴት አደራችሁ ይሉናል። ያደረገችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ሁለት መቶ ሰው እየደወለ «አልከፍት አለኝ» ሲላት መረራት፣ እና ለሁሉም ከፈተችው።

ልኬታችሁን ልትሞሉ ገባችሁ። ወገባችሁን ሞላችሁ። ከዚያ ዓይናችሁ ወደ ጎን ሄደ።

ስልሳ ሦስት ሰው ከፍቶታል።

አብዛኛው አይቶ «አድራሻ ነው እንዴ!» ብሎ ዘጋው፣ አውቃለሁ። አንዱ ግን ከሳምንት በኋላ ለጥገና በሄደበት ሕንፃ ያንን ሰው አገኘው። ሰላም ተባባሉ። ሰውየው «ልጄ ትምህርት ልትጀምር ነው፣ ደብተር እንኳ ገዝቼ ላደርስላት አልቻልኩም» አለው። ባልደረባችንን አሳዘነው። «አባት አይደል?» አለና አድራሻውን ነገረው። ይህን የማውቀው ራሱ ምድር ቤት ወርዶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ ስለነገረኝ ነው። ለክፋት አልነበረም። ለደግነት ነበር፣ በሰው ምስጢር የተደረገ ደግነት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳ። ደብተሮቹን በፌስታል ይዟል። ልጅቷ ማነው ብላ ከፈተች። ጮኸ ማለት አልችልም፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጎረቤቶቹ እንግዳ መጣላቸው ብለው ነው ያሰቡት። ሀሎ ልጇን ጎትታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆለፈች። ሰው ጠርታ እስኪደርስላት ሁለቱ እዚያ ውስጥ ለአራት ሰዓት ተቀምጠዋል። እሱ ከበሩ ውጭ ሆኖ በለሆሳስ እያናገራት፣ እሷ ከውስጥ ለልጇ «ግድግዳውን ተደገፊ፣ በረጅሙ ተንፍሺ፣ ሰው መንገድ ላይ ነው» እያለቻት።

ሰኞ ሥራ አልገባችም። ማክሰኞም። ወንበሯ ላይ የተንጠለጠለችው ሹራቧ እስካሁን አለች። ከዚያ ወዲህ ኦፕሬተር አልቀጠርንም። «ለሽያጭ አንድን ይጫኑ፣ ለጥገና ሁለትን ይጫኑ» የሚለውን የተቀዳ የስልክ መልስ ግን ስሙት፣ የእሷ ድምፅ ነው። ያ ሰው በፈለገው ሰዓት ደውሎ ድምፅዋን ይሰማል። ይነሳ ብዬ ለአይቲ ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለት ገጽ ሪፖርት ወጣ። «ችግሩ የተፈጠረው በሰው ስህተት ነው» ይላል።

«የትኛው ሰው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«በጥቅሉ ነው፣ እትዬ» አሉኝ።

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በጥቅሉ የሚባል ሰው ማህደር የለኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁትም።

ዝርዝሩን እኔው ጠየቅኩ። ነግሬያችኋለሁ፣ ደመናው አይረሳም። ስልሳ ሦስት ስም፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ተረጋጉ፣ አላነበውም። ያላችሁበት ታውቁታላችሁ፣ የሌላችሁበትም ሌላውን በዓይናችሁ አትፈልጉ። የማነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። ተራ ቁጥር አንድ፤ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፤ የቆየበት ጊዜ አንድ ደቂቃ። ስሙ የእኔ ነው።

አዎ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት፣ ከሁላችሁም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ስካኑ ጥራት አለው ወይ ብዬ ስፈትሽ ቀይ ጽሑፌን አየሁት። ከፈትኩት። የበሩን ቁጥር አነበብኩት። ላጠፋው አሰብኩ። ለማጥፋት ግን ቅጽ መሙላት፣ ቅጹን ማስፈረም ያስፈልጋል። ሰርቪሱ ደግሞ ከታች ጥሩንባ እየነፋ ነው። «ነገ አነሳዋለሁ» አልኩ። አርብ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ሰኞ ስገባ ቱታ፣ ልኬት፣ ግርግር ሆነ። ያስታወስኩት ረቡዕ ነው። ረቡዕ ስልሳ ሁለታችሁም አይታችሁ ጨርሳችኋል። ያን ቀን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው?

ለኮሚቴው ይህን ልናገር ስል አንድ አለቃዬ «እትዬ፣ ለጡረታዎ ሁለት ወር ነው የቀረዎት። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ስምዎን ለምን ያበላሻሉ?» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ስለዚህ አሁን መድረኩ ላይ ሆናችሁ «በታማኝነትና በምስጢር ጠባቂነት ላበረከቱት» ብላችሁ ያነበባችሁልኝን ሰርተፍኬት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነው የምሄደው። ተቀይሜያችሁ እንዳይመስላችሁ። ልሸከመው አልቻልኩም።

ሪፖርቱ ላይ «በሰው ስህተት» የሚለው ቦታ የእኔ ስም እንዲገባ ዛሬ ጠዋት በጽሑፍ አመልክቻለሁ፣ ማመልከቻውም ማህተም ተደርጎበታል። የሌላ የማንንም ስም አልጻፍኩም። የሚጽፍ ካለ ራሱ ይጻፍ። ከንግግሬ በኋላ ወደ አይቲ ክፍል የምትሄዱም ካላችሁ፣ ያንን ድምፅ አስነሱልኝ። እኔን ለመሸኘት ከዚህ የበለጠ ምንም አልፈልግም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሀሎ» አለችኝ። ማንነቷን መናገር አላስፈለጋትም።

እንደምን ነሽ አልኳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። አዲስ ሥራ ልታመለክት ነው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። «ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ» አልኳት። ዘጠኝ ዓመቷን በሙሉ ልጽፍላት፣ ያስወራቻቸውን ሽማግሌ ሳይቀር ልጽፍላት ብዕር አነሳሁ።

«ወዴት ልላክልሽ?» አልኳት።

አሳንሰር ውስጥ የተዘጋበትን ሰው ሁለት ሰዓት ስታዋራ ያልደከመች ልጅ ዝም አለችኝ።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ» አለች በመጨረሻ። «ያለ ልምድ እጀምራለሁ።»

«ለእኔም አትነግሪኝም?»

«ለእርስዎም» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ ነው ያለችኝ፣ እሷ እኔን።

ልክ ናት። ልክ ናት አልኩ፣ ስልኩን ዘግቼም ልክ ናት እያልኩ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ወረቀት ከእኔ እጅ ከምትቀበል ከዜሮ መጀመር ተሻላት። ከመዝጋቷ በፊት ስለ ልጇ ጠይቄያት ነበር። ደህና ናት፣ አድጋለች፣ ማንበብ ጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ አላት፤ በር ሲንኳኳ ትደበቃለች። ጎረቤትም ይሁን፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን፣ አልጋ ሥር ትገባለች።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ሰው የሚያምናችሁ፣ የታመናችሁበትንም የምትጠብቁ ያድርጋችሁ። ሥራችሁ ይባረክ፣ የተሰቀለው አሳንሰር ሁሉ ሰውን በደህና ያውጣ፣ በደህና ያውርድ። አለቆቼ፣ እድሜ ይስጣችሁ። ጡረታችሁ ሲደርስ ደግሞ ሳትሸማቀቁ እዚህ መድረክ ላይ ወጥታችሁ ለመናገር ያብቃችሁ።

ልጆቻችሁም፣ በር ሲንኳኳ ሮጠው የሚከፍቱ ልጆች ይሁኑላችሁ።

ደህና ሁኑ።